በእግር የሚከፈል መዋጮ

መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለ አንድ የኪራይ ግቢ፣ ኡምኩልሱምን የማያውቅ ተከራይ የለም። ኑሮ ያንገዳገደው ሁሉ ምክር የሚጠይቀው እሷን ነው። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ሃምሳ ዓመት የሆናት ሴት ናት፤ በቁጠባ ነገር ግን የሚደርስባት የለም።

«ሳሙና ገዝተሽ ወዲያው ውሃ አታስነኪው፤ በአራት ቁረጪና ፀሐይ ላይ አድርቂው። የደረቀ ሳሙና ቶሎ አያልቅም» ትላለች። ከሰል ሲተርፋት ነዶ አመድ እስኪሆን አትጠብቀውም፤ ክዳን ባለው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አፍና ታጠፋውና በማግስቱ መልሳ ታቀጣጥለዋለች። ገበያ የምትወጣው ሌላው ሰው ሲመለስ ነው። ከገጠር የመጣ ሻጭ ድንቹንና ጎመኑን መልሶ ላለመሸከም በተገኘው ዋጋ የሚለቅበትን ሰዓት ለይታ ታውቃለች። ያቆጠቆጠ ሽንኩርት በርካሽ ትገዛና ቡቃያውን በአሮጌ ጣሳ ተክላ ቅጠሉን ለወጥ ትቆርጣለች።

አምፖሏ እንኳ ግማሽ ናት። የእሷንና የጎረቤቷን የብርሀንነሽን ክፍል የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይደርስም። አከራዩ መብራት የሚያስከፍለው በአምፖል ቁጥር ስለሆነ፣ ኡምኩልሱም አንዷን አምፖል ግድግዳው አናት ላይ አሰቀለቻት። አንድ አምፖል ለሁለት ቤት ያበራል፤ ሒሳቡን እኩል ይከፍላሉ።

«ኡምኬ፣» ትላለች ብርሀንነሽ ከግድግዳው ማዶ፣ «ነገ ደግሞ አንድ ድስት ለሁለት ቤት ይበቃል ትያለሽ።»

«ምን አለበት?»

«ባል የለኝ እንጂ ቢኖረኝ እሱንም ለሁለት ትከፍይው ነበር!»

ሁለቱም ይስቃሉ። ግን የኡምኩልሱም ሳቅ ከጉሮሮ አያልፍም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ልጇ ፈርሂያ ከሪያድ በምትልከው ገንዘብ ነው። ፈርሂያ በሰው ቤት እየሠራች ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ገንዘቡ የዘገየ እንደሆነ ኡምኩልሱም ትጨነቃለች፤ የመጣ ቀን ደግሞ ይብስባታል። «ይኼ የመጨረሻው ቢሆንስ? ልጄ ብትታመምስ? አሠሪዎቿ ቢያባርሯትስ?» እያለች ብሩን ሳትነካው ታሳድረዋለች። ልጅቷ ስትመለስ አንድ መጠጊያ ጠብቋት ዳግም እንዳትሰደድ ነው ምኞቷ። ስለዚህ ከምትበላውም ከምታነደውም ትቀንሳለች። ከምትሄድበትም ቀነሰች፤ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ሀገሯ ዝግባ አፋፍ የሚባል መንደር ነው። በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተንገጫግጮ መገንጠያው ላይ ይወረድና ግማሽ ሰዓት ቁልቁለት ይኬዳል። በእግር ከሆነ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከተማ የገባችው ከሦስት ዓመት በፊት፣ እቴቴ የሚባሉት አሮጊት እናቷ ልባቸውን ሲታመሙና ሐኪም ቤት ቅርብ ሲያስፈልጋቸው ነው። ስትወጣ የመንደሩን ቅሬ፣ የቀብር ዕድሩን፣ አልተወችም። የከተማው ቅሬ መግቢያው ውድ ነበር፤ ደግሞም እናቷ ባላቸው አጠገብ ካልሆነ የትም መቀበር አይፈልጉም።

በዝግባ አፋፍ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ሐዘንተኛው ቤት ምግብ ይዞ ገብቶ የሚቀመጠው ቅሬው ነው። ኡምኩልሱም ወርሃዊ መዋጮዋን ገበያ በሚመጣ ሰው እጅ ትልካለች፤ አንድ ወር አሳልፋ አታውቅም። «እገሌ አረፈ» ተብሎ ሲደወልላት ግን እጇ ቀድሞ መቀነቷን ይዳብሳል። የመኪናው ደርሶ መልስ የሳምንት ከሰል ነው። የመጀመሪያው ለቅሶ ጊዜ ዝናብ ነበር፣ ቀረች። ሁለተኛው ጊዜ እናቷን የምትተውበት አጣች። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተወችው። በመዋጮው ላይ ጥቂት ብር ጨምራ «አላህ ይዘንለት በሉልኝ» ብላ ትልካለች። ሟቹን አልመልሰው፣ ምን አስሮጠኝ ትላለች ለራሷ። እንዲህ እንዲህ እያለች አምስት ሰው ሲቀበር አንዱንም አልደረሰች። ማንም ደውሎ አልወቀሳት። ዝምታቸው አታለላት።

ዘንድሮ በየካቲት እቴቴ አልጋ ያዙ። እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ «እንግዲህ ዕድሜም አለ፤ ቤታቸው ይረፉ» አላት። አነጋገሩ ገባት።

«ልጄ፣» አሉ እናቷ ከሐኪም ቤት የተመለሱ ዕለት፣ «ከአባትሽ ጎን አሳርፊኝ። እዚህ ከማላውቀው ሰው መሀል አታስተኚኝ።»

«ኧረ ይተው እማ፣ ይድናሉ።»

«መዳኑን አላህ ያውቃል። አንቺ ይኼን እሺ በዪኝ።»

«እሺ» አለች። በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ቆማ የቅሬው ዳኛ ለሆኑት ለጋሽ አሕመድኑር ደወለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ። ኡምኩልሱም ነኝ፣ የእቴቴ ልጅ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ከተማው ደኅና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። እናቴ ታመውብኛል። የአላህ ነገር አይታወቅምና ቅሬው ከወዲሁ ይወቅልኝ ብዬ ነው።»

«አላህ ያሽራቸው። ኡምኩልሱም፣ መዋጮሽ በየወሩ ደርሶናል። አንቺ ግን አልደረስሽንም።»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ስምሽ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ከቅሬው ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የላክሽውን ገንዘብ አልነካነውም፤ ተቀምጦልሻል፣ መጥተሽ ውሰጂው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆመች። በእነሱ ወግ ጀናዛ አያድርም፤ ጠዋት የሞተ ከሰዓት አፈር ይለብሳል። እናቷ ድንገት ቢያርፉ ከመገንጠያው ቁልቁል ማን ይሸከማቸዋል? ማን ይቆፍራል? ወሬውን ለብርሀንነሽ ነገረቻት።

«መቼም የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ አስቆፍራለሁ አትይኝም» አለች ብርሀንነሽ።

ኡምኩልሱም መሬት መሬት አየች። አስባው ነበር። የአራት ሰው የቀን ዋጋ ስንት እንደሚሆን ሳይቀር አስልታዋለች።

«አንቺ ሴት!» አለች ብርሀንነሽ። «ያ አገር ባዳ ቅጥረኛ መቃብሩን ሲቆፍር ቆሞ የሚያይ ይመስልሻል? ተነሺና ሂጂ። እግራቸው ላይ ውደቂ። እቴቴን እኔ እጠብቃለሁ።»

ዓርብ ዕለት ሄደች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ቆመ፤ በየደቂቃው ስልኳን ታያለች፣ ብርሀንነሽ የደወለች እየመሰላት። መገንጠያው ላይ ወርዳ ቁልቁለቱን ጨርሳ መንደሩ ስትደርስ ወንዶቹ ከጁምዓ ሶላት ተመልሰው የቅሬው ሸንጎ በሚውልበት ወይራ ሥር ተሰብስበው ነበር፤ ክርስቲያኖቹም መጥተዋል። ኡምኩልሱም ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደዚያ ነው የሚቀርበው።

«ከተሜዋ መጣች!» አለ አንዱ ጎልማሳ። «በስልክ አይሆንም ነበር?»

«ተዋት፣ ኔትወርክ ጠፍቶባት ነው» አለ ሌላው። ጥቂቶች ሳቁ።

«ዝም በሉ» አሉ ጋሽ አሕመድኑር። «ተናገሪ ኡምኩልሱም።»

ስትመጣ መንገድ ላይ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቷ ሕመም፣ ስለ ፈርሂያ ብዙ አሰናድታ ነበር። ሁሉም ጠፋባት። «አጥፍቻለሁ» አለች። «መዋጮው ከደረሰ እኔም የደረስኩ መስሎኝ ነበር። እኔን እንደወደዳችሁ አድርጉኝ። እናቴን ግን ቅበሩልኝ።»

ጋሽ አሕመድኑር ጢማቸውን ዳሰሱ። «የቅሬውን በደል ቅሬው ይምርሽ ይሆናል። የሐዘንተኛውን በደል ግን የሚምርሽ ራሱ ሐዘንተኛው ነው። ጋሽ ውበቱ ይናገሩ።»

ጋሽ ውበቱ ክርስቲያን ገበሬ ናቸው፤ ቤታቸው ከኡምኩልሱም የድሮ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። ሚስታቸው እትዬ አልታዬ የሞቱት ባለፈው ሐምሌ ነው። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ሳይነሡ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም።

«ፈርሂያን ስትወልጂ ማን ነበር የያዘሽ?»

«እትዬ አልታዬ።»

«ስንት ቀን አማጥሽ?»

«ሁለት ቀን።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ወገብሽን ይዛ ከጎንሽ አልተነሣችም። እኔ ደረቅ ቂጣ እየበላሁ ሰነበትኩ፤ አልተቀየምኩሽም። አልታዬ ስትሞት ፈርሂያ ከዐረብ አገር ደውላ በስልክ አለቀሰችልኝ። ከሪያድ! አንቺ ከመካነ ሰላም አልመጣሽም።»

ኡምኩልሱም ድንጋዩ ከበዳት። ፈርሂያ ከሪያድ መደወሏን እሷ አታውቅም ነበር፤ ልጅቷ አልነገረቻትም።

«ያን ቀን መኪናው ስንት ነበር?» አሉ ጋሽ ውበቱ።

አላውቅም ማለት ትችል ነበር። ግን ታውቃለች፤ ያወጣችውም ያላወጣችውም ብር ከልቧ አይጠፋም። «ደርሶ መልስ ሁለት መቶ ብር» አለች።

«ሁለት መቶ ብር» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። አሁን የሳቀ የለም። «እኔ ጨርሻለሁ።»

ወንዶቹ ፈንጠር ብለው ሊመክሩ ሲሄዱ እሷ ድንጋዩን እንደተሸከመች ቀረች። ፀሐዩ አናቷን በሳው። ስልኳ በመቀነቷ ውስጥ ነው፤ ቢጮህስ? እናቷ አሁን ቢያርፉስ? እነሱ ሲነጋገሩ አንዱ ራሱን ሲነቀንቅ ታያለች፣ ሌላው በእጁ ወደ ከተማው በኩል ሲያመለክት። ጋሽ ውበቱ ብቻ መሬቱን በዱላቸው ይጭራሉ። በመጨረሻ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሁሉም ወደሳቸው ዞረ።

ጋሽ አሕመድኑር መጥተው ፊቷ ቆሙ። «ድንጋዩን አውርጂ» አሏት። «እቴቴ ምን አጠፉ? እግራቸው እስኪደክም ድረስ ከማንም ለቅሶ አልቀሩም። የእሳቸውን ቀብር ቅሬው ይሠራዋል። ይኼን ያሉት ጋሽ ውበቱ ናቸው።»

ኡምኩልሱም ድንጋዩን አውርዳ ማመስገን ጀመረች።

«አልጨረስኩም። አንቺን ግን አናጽናናም። ዳስ አንጥልልሽም፣ ምግብ አናመጣልሽም፣ ሰው ቤትሽ ገብቶ አይቀመጥልሽም። ሦስት ለቅሶ በእግርሽ ስትደርሺ ስምሽ ይመለሳል። ተቀብለሻል?»

«ተቀብያለሁ» አለች። ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

ቤት ስትመለስ እናቷ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ምን አሉ?» አሏት።

«እሺ አሉ። ከአባቴ ጎን።»

«አልሐምዱሊላህ። የእኛ ሰው ጨካኝ አይደለም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለአንቺም ነው ያሰብኩት። እዚህ ብሞት ብቻሽን ትቀሪ ነበር። እዚያ ቤቱ ሰው ይሞላልሻል።»

ኡምኩልሱም ብርድ ልብሱን አስተካከለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የጭንቅ ነበሩ። ከሰሉን ማፈን ተወች፤ ቤቱ እንዳይበርዳቸው ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ገበያም በጠዋት ወጥታ በጠዋት ዋጋ ትገዛለች። ሦስት ለቅሶ የሚለው ነገር አእምሮዋን በላው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከዝግባ አፋፍ ይሆን ትላለች። አንድ ቀን ጎመን እየከተፈች፣ ከእናቷ በፊት ሦስት ሰው ቢሞት ስትል ራሷን አገኘችው። ቢላውን አስቀመጠች። «አስተግፊሩላህ» አለች። ሰው እንዲሞት ተመኘሁ እኮ! ደግሞ መንገዱ ያስፈራታል፤ ጸጥታው አስተማማኝ ስላልሆነ አንዳንድ ቀን ይከፈታል፣ አንዳንድ ቀን መኪና አይወጣም። መኪና በማይወጣበት ቀን ቢሆንስ? ጠዋት ጠዋት ከእናቷ ትንፋሽ ቀጥሎ የምታዳምጠው የመናኸሪያውን የመኪና ጥሩምባ ሆነ።

እቴቴ ያረፉት ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ውሃ ጠይቀው፣ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው፣ ሁለተኛውን አልዋጡትም። ኡምኩልሱም ጥሩምባውን ሰማች፤ መንገዱ ክፍት ነው። ከመስጊዱ ሰፈር የመጡ ሁለት አሮጊቶች አጥበው ከፈኗቸው፤ ብርሀንነሽ ውሃ አቀበለች። ጋሽ አሕመድኑር በስልክ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ካሉ በኋላ «መገንጠያው ላይ እንጠብቃለን» ብለው ዘጉ። ኡምኩልሱም ሚኒባስ ሙሉውን ተከራየች። ሾፌሩ የጠራውን ዋጋ ሰጠችው።

እንዳሉትም ጠበቁ። ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል፤ ጋሽ ውበቱ አካፋ በትከሻቸው ይዘዋል። እየተቀባበሉ ቁልቁል ወሰዷቸው። ከባላቸው ጎን ተቆፍሮ ነበር። ከቀትር ሶላት በፊት አለቀ። ኡምኩልሱም ከርቀት፣ ከቁጥቋጦው ጎን ቆማ አፈሩ ሲመለስ አየች። እናቷ የለመኑት ሆነ።

ከዚያ ሰዎቹ አንድ በአንድ በአጠገቧ አለፉ። አላህ ያጽናሽ ያላት የለም። ጋሽ አሕመድኑር እንኳ መሬት መሬት እያዩ አለፉ።

«ይኼ ምን ዓይነት አገር ነው?» አለች አብራት የመጣችው ብርሀንነሽ፣ ዓይኗ ቀልቶ። «የእናቷን ሬሣ የሸኘችን ሴት እንዲህ ይገፏታል?»

«እውነታቸውን ነው» አለች ኡምኩልሱም። «አንቺ ሂጂ፤ መኪናው ጥሎሽ ይሄዳል።»

ብርሀንነሽ እያለቀሰች ሄደች። ኡምኩልሱም ተዘግቶ የኖረውን የአባቷን ቤት ከፍታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ ቁርበት አንጥፋ ተቀመጠች። በወጉ ሐዘንተኛ ሦስት ቀን ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ጄሪካን የተሸከሙ ሴቶች እያወሩ በበሩ ፊት ሲያልፉ ድምፃቸውን አጠፉ፤ ካለፉ በኋላ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ይዛ የመጣችውን ደረቅ ዳቦ በውሃ እያራሰች በላች። ማልቀስ ሞከረች፤ ብቻዋን አልወጣላትም። ለቅሶ አብሮ የሚያወርድ ሰው ይፈልጋል።

ከሰዓት ፈርሂያ ደወለች። «እማ፣ ሰው መጣልሽ?»

«መጥቷል ልጄ።»

«ታዲያ ድምፅ አይሰማምሳ?»

«ዱዓ ላይ ናቸው» አለች ኡምኩልሱም ባዶውን ቤት እያየች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከታችኛው ጎጥ ጩኸት ተሰማ። ወጥታ አዳመጠች። ወንዙ አፋፍ ያለችው የትምወርቅ ሞታለች። ኡምኩልሱም የምታውቃት በዓይን ብቻ ነው፤ ድሮ ገበያ ላይ ጌሾ ስትሸጥ። ሐዘኗን ሳትጨርስ ተነሣች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ቤቱን ዘጋች፣ ቁልቁለቱን በእግሯ ወረደች።

ዳሱ ተጥሏል፣ ሴቶቹ ተቀምጠዋል። ስትገባ ወሬው ቆመ። ዳር ላይ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንም አላናገራትም፤ ውጪ ያላትም የለም። በሟቿ እጅ ያደገችው እህቷ «ወይ እናቴ የቤቴ ምሰሶ» እያለች ሙሾ ማውረድ ስትጀምር፣ ኡምኩልሱም ደረቷ ሲከፈት ተሰማት። «ወይ እናቴ!» አለች። ሦስት ቀን የተቆለፈው ሁሉ ወጣ። ጮኻ አለቀሰች፣ ስለ እቴቴ፣ ስለ እትዬ አልታዬ፣ ስለ ልጇም። ለማን እንደምታለቅስ ዳሱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ዝም በዪ ያላት የለም። እንዲያውም የሟቿ እህት ወደ እሷ ዞራ አብራ አወረደች።

ሲበርድላቸው አጠገቧ ያለችው ሴት ገለል ብላ ከሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቀችላት። ምግብ ሲዞር ለመጣ ሁሉ እንደሚደርሰው ለኡምኩልሱምም ደረሳት። እጇ ላይ ይዛው ቆየች።

«ብዪ እንጂ» አለቻት ሴትየዋ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ኡምኩልሱም በላች።